በማጀብ ማስተርስ

ዕድሜ ሲገፋ ቅናት ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸታቸውን ነው! ጉልበት ሲከዳ፣ ዓይን ሲፈዝ፣ ጥርስ ሲረግፍ፣ ቅናት ብቻውን እንደ ጎረምሳ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል። ከእኔ የተሻለ ምስክር ካለ ይምጣ።

በየነን አታውቁትም። ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። ናይሮቢ አብረን ገባን፣ አብረን ሸበትን፣ ሴት ልጅ እንኳ በአንድ ዓመት ወለድን። የእኔ ሊድያ ትዘፍናለች፤ የእሱ ሳሮን ፒያኖ ትጫወታለች። እስከዚህ እኩል ነን። እንዲያውም እኔ እበልጣለሁ። ሰው የሚያየው የምትዘፍነውን ነዋ! ከኋላ የተቀመጠችውን ማን ያያታል?

አንድ ቀን በየነ ጥብስ አስቀርቦልኝ፣ ሳሮን ውጭ አገር ለማስተርስ ልታመለክት ነው አለኝ። በምን? ብለው፣ በማጀብ! ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኔ ስንት ሙሽራ አጅቤ፣ ስንቱን ሚዜ ሆኜ ድሬ፣ ዲግሪ የሰጠኝ አለ? ለካስ ዘፋኝን በፒያኖ ማጀብ ራሱን የቻለ ትምህርት ኖሯል። ከዘፋኙ ጋር መተንፈስ፣ ሲሮጥ መሮጥ፣ ሲዘገይ መዘግየት። እስቲ ፍረዱኝ። የምትዘፍነው ልጄ ቤቴ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ የምትከተለው ማስተርስ! ለሳምንት እህል አልቀመስኩም። እሺ፣ አንድ ቁርስ ዘለልኩ።

ነገሩ ደግሞ እኔው እጅ ላይ ወደቀ። ዩኒቨርሲቲው፣ ዘፋኝ ስታጅቢ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኪ ብሏታል። በቪዲዮው ካልወደዷት ቀረች ማለት ነው። ዘፋኟ ማን ትሁን? ሊድያ!

"ምትኩ ወንድሜ፣ አደራህን ልጅቷን አዘጋጅልኝ" አለኝ በየነ።

አዘጋጀሁለት። ሊድያን ቁጭ አድርጌ መከርኳት። "ልጄ፣ ዘፋኝ ማለት ንግሥት ነው። ማንንም አትጠብቂ። ሲያሰኝሽ ሩጪ፣ ሲያሰኝሽ ቁሚ። ፒያኖው ይጥፋ ከፈለገ!"

"አባዬ፣ አር ዩ ሹዋ?" አለች፤ እዚህ ያደገች ናት።

"ሹዋ ነኝ!"

ቀረጻው ኪሌሌሽዋ፣ ፒያኖ ያለው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ሊድያን ምን ልበላችሁ? ካሰብኩት በላይ አበደች! አንዷን ድምፅ ይዛ ስትስባት፣ ከካሳራኒ የተነሳ ማታቱ ሚኒባስ የቲካ መንገድን የመኪና ጃም ጨርሶ ከተማ መሀል ተሳፋሪውን ያራግፍ ነበር። ከዚያ ድንገት ትሮጣለች። ከዚያ አንድ ስንኝ ዘልላ ሌላው ላይ ታርፋለች። በየነ አጠገቤ ላቡን ይጠርጋል።

"ምን ነካት ልጅህን?"

"ስሜት ነው" አልኩት።

ሳሮን ግን ዓይኗን ከሊድያ ትከሻ አልነቀለችም። ሊድያ ስትተነፍስ ትተነፍሳለች፣ ስትስብ ትጠብቃለች፣ ስትዘል አብራት ትዘላለች። ሲያበቃ ሊድያ ራሷ፣ "ገርል፣ በምን አወቅሽ?" ብላ አቀፈቻት። እኔ ግን ተጽናናሁ። ከልጄ ድምፅ ሥር ፒያኖውን ማን ይሰማዋል?

መልሱ መጣ። ተቀበሏት! ያውም በሙሉ ስኮላርሺፕ። መምህራኑ፣ እንዲህ ያለችውን ዘፋኝ የተከተለች ማንንም ትከተላለች ብለው ጽፈውላታል። ሌሎቹ አመልካቾች ጨዋ ጨዋ ዘፋኝ አቅርበው ችሎታቸው ሳይታይ ቀርቷል አሉ። በየነ እየሮጠ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

"ያንተ ውለታ ነው! ምን ብለህ እንደመከርካት ሊድያ ነገረችኝ።"

ክው አልኩ።

"ሳሮን ፈተና ገጥሟት እንድትታይ ብለህ ነው አይደል?"

"ታዲያስ!" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላሉ። እኔ አርቄ ቆፈርኩ፤ ለበየነ ውሃ ወጣለት።

አሁን የሚያንገበግበኝ ማስተርሱ አይደለም። ሰው ሁሉ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ይጸልያል፤ እግዜር የበየነን ሰማው። እኔን የመሰለ ትጉህ ምቀኛ፣ ያውም በነፃ ሰጠው። የእኔስ? ሊድያም በዘፈን ላመልክት ብላለች። የበየነን ፊት አገላብጬ አየሁት፤ የቅናት ዘር የለበትም። ቪዲዮውን እኔ አስቀርጽላታለሁ፣ ከልቤም እጸልይላታለሁ ይላል።

እንዲህ ያለ ቅን ሰው ይዛ ልጄ የት ትደርሳለች?