መቀነስ ያላት ዜሮ

ዜሮ ባዶ ነው ብለው ካስተማሩን መምህራን ጋር ጠብ የለኝም። እንጀራዬ ግን ፕሮግራም መጻፍ ነውና ልንገራችሁ፤ ኮምፒዩተር በነጥብ ለሚጻፍ ቁጥር ሁሉ ለምልክቱ የተለየች ቦታ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ከዜሮ በጥቂቱ ያነሰ እንደሆነ፣ ተጠጋግቶ ዜሮ ሲባል እንኳ የመቀነስ ምልክቱን ከፊቱ አይጥልም። ደህይቶም ኩራቱን እንደማይለቅ ሰው።

አምና ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ውሃ አስቸገረን። በወረፋ ሲመጣ የጋራውን ታንከር እንሞላለን፤ እኛ ሳንጠግበው ያልቃል። አከራያችን ጋሽ ተስፋዬ ጥፋተኛ ፍለጋ ብዙም አልደከሙም። ዘሃራ አለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እየሰፋች መንታ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ። የልጆቹ ልብስ ከገመድ ላይ አይጠፋም፤ ለጋሽ ተስፋዬ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። አልተከራከረችም።

እኔ ግን አላስቻለኝም። እዚሁ ከተማችን ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ገዛሁና ታንከሩ ላይ ሰቀልኩ። ውሃው በየሰዓቱ ስንት ሜትር እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ስልኬ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራምም ጻፍኩ።

አንድ እሁድ ግቢው በሙሉ የጎረቤት ሠርግ ሄደ፤ ዘሃራም ልጆቿን ይዛ አብራን ነበረች። እዚያው ተቀምጬ ስልኬን ብከፍት «-0.0» ይላል። የሥራ ባልደረባዬና የግቢያችን ሰው ናስር አጮልቆ አየና ሳቀ።

«አቦ፣ ከዜሮ ደግሞ ምን ይቀነሳል? ምልክቷን አጥፋት፤ ሰው አይሳቅብህ።»

ማጥፋቱ ቀላል ነው። እንዲያውም ፕሮግራሙን «ይህ ከዜሮ ያንሳል?» ብትሉት «አያንስም» ይላችኋል፤ ለእሱ ሁለቱ ዜሮዎች እኩል ናቸው። እኔ ምልክቷን አመንኳት። ቁጥሩ ሳይጠጋጋ በፊት ከነጥቡ በኋላ የነበሩትን የተደበቁ አሃዞች አወጣኋቸው። ውሃው በዝግታ፣ ግን ሳያቋርጥ እየወረደ ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ ከድመቷ በቀር ማንም የለም።

እዚያው ሠርጉ ላይ ለነበሩት ለጋሽ ተስፋዬ ነገሩን አስረድቼ ስልኩን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ዘሃራ የተቀመጠችበትን አዩ።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ቆፈረ። ከታንከሩ ወደ ጋሽ ተስፋዬ ቤት የሚሄደው ቧንቧ ከሲሚንቶው ሥር ተሰንጥቆ መሬቱን ሲያጠጣ ኖሯል።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ተስፋዬ ፓፓያ ይዘው የዘሃራ በር ላይ ቆሙ። የልጆቹን ጤና ጠየቁ፤ ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ይቅርታ የምትለው ቃል ግን አልወጣ አለቻቸው። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ የትም አትሄጂም፣ ልጄ» አሏት።

ዘሃራ ፓፓያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ሌላ ቤት አግኝቻለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ ረጋ ብላ።

ወሩ ሲያልቅ ሄደች። ውሃው አሁን ይተርፈናል።