ሽማግሌ የሄዱት ቴሌቪዥኖች

ጎሹ ሕልሙን ያየው ትናንት በጠራራ ፀሐይ ነው። የቀን ሕልም አይቆጠርም የምትሉ ካላችሁ መጨረሻውን ሰምታችሁ ፍረዱ።

የጎሹ ሥራ ኬብል መዘርጋት ነው። ትናንት ደሴ ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ፣ የመድረኩን ምስል በአዳራሹና በድንኳኑ ለተሰቀሉ ስምንት ቴሌቪዥኖች እኩል የማዳረሱ ሥራ የእሱ ነበር። ታናሿን ትርንጎን ደግሞ ይወዳታል፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ። እናቷ ግን «ሽቦ ጎታች ምን ሥራ አለው?» ባይ ናቸው። ስለዚህ ጎሹ ለራሱ ቆረጠ፦ ስምንቱም ጥርት ብለው፣ አንዱ ካንዱ ሳይዘገይ ካሳዩ እሁድ ሽማግሌ ይልካል፤ ካልሆነም አርፎ ይቀመጣል። ከንጋት ጀምሮ ኬብል ሲጎትት አርፍዶ፣ ካሜራውን ለሙከራ ወደ ራሱ አዙሮ፣ ማይክሮፎኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ እንግዳ እስኪገባ ብሎ ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

በሕልሙ ቴሌቪዥኖቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ፤ ሠርገኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ቴሌቪዥን ተነሥቶ «አባባ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለዋል» እያለ የአንድ አዛውንት ፊት በጨርቅ ወለወለ። እትዬ ማንጠግቦሽ ባለሰባ ኢንች ሆነው ዋናው ግድግዳ ላይ ነበሩ።

ወዲያው አዳራሹ የእሳቸው ሳሎን ሆነ። ስምንቱ ቴሌቪዥኖች ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከሚስማራቸው ላይ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አንደኛው። ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ። ከዚያ ሦስተኛው። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አንቀላፍቶ ነበር።

«ስምንት ሽማግሌ መጥቶ አንድ ቃል መናገር ካቃተው፣ ልጄን ምን አምኜ ልስጥ?»

ጎሹን ላብ አጠመቀው። ከየጋቢው ሥር ኬብሎቹን እየጎተተ ምስሉን ለስምንቱም ወደምታከፋፍለው ሣጥን ሮጠ። ሣጥኗ የትርንጎ ቦርሳ ውስጥ ተገኘች።

«ቀስ በል፤ የትኛው ጫፍ የት እንደሚገባ እይ» አለችው ትርንጎ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የአንዱን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ሣጥን ላይ ሰካው። የሙያው ሰዎች ይህን ስሕተት ያውቁታል፤ የገባው ሁሉ መውጫ አጥቶ እዚያው ሲሽከረከር ይውላል። ሽማግሌዎቹም «ልጅዎን፣ ልጅዎን፣ ልጅዎን» እያሉ ሳሎኑን መዞር ጀመሩ። ጎረቤት ጭፈራ መስሎት ያጨበጭባል።

«ሽቦ ጎታች ብዬ አልነበር?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ይቺ ነገር ጎሹን አንገበገበችው። ጫፉን መንጭቆ ነቀለው። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፤ ግን የመጡበት ጉዳይ ከራሳቸው ጠፍቶ ሁሉም ጎሹ ላይ አፈጠጡ። ሌላ ተናጋሪ ስላልነበረ ራሱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ትርንጎን ለኔ ይስጡኝ። ሽቦ ብጎትትም ሰው አላሳፍርም።»

ስምንቱም ባንድ አፍ ደገሙት። ጎሹ በገዛ ድምፁ ባንኖ ነቃ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽሮቹ ወንበራቸው እስኪለቀቅላቸው ከፊቱ ቆመዋል። በስምንቱም ቴሌቪዥኖች ላይ አንድ ጎሹ አለ፤ አገጩ ላይ የወረደው ለሃጭ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል። የድንኳኑ ሳቅና የአዳራሹ ሳቅ እኩል ተነሣ፤ አንዲት ሰከንድ አልተዛነፈም። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሽማግሌ ሳይልክ፣ በገዛ አፉ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት ሚስት የጠየቀ ሰው ምን ይሆናል? ጎሹ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን ተጠግተው ለሃጩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያም በበሩ አሻግረው የድንኳኑን አዩ፤ እዚያም ያው ለሃጭ ነው።

«ሥራስ ትችላለህ» አሉት። «እሁድ ሽማግሌ ላክ፤ አንተ እቤትህ ተኛ።»