ሁለቱም ጎኑ እስኪሞላ

በየሆቴሉ፣ እንግዳው ውሃው እስኪሞቅለት ቧንቧ ከፍቶ ሲጠብቅ አንጀቷ የሚላወስ አንዲት ሴት አትጠፋም። እዚህ ሆቴል የጽዳት ኃላፊዋ ናቸው። ሠራተኛው ከኋላቸው «ክብርት ወይዘሮ እንዳይባክን» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ብቻ።

ክብርትነታቸው በየሻወሩ ሥር ባልዲ አስቀምጠዋል፤ ቀዝቃዛው ውሃ አትክልት ያጠጣል። አንሶላ በእጃቸው አይሞትም፦ ሲያረጅ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ ከረጢት፣ ከዚያ የመስታወት መወልወያ ይሆናል። መወልወያው ሲያልቅስ? እንግዳ ተቀባይዋ ይህን ለማወቅ ስትጓጓ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ጎኑ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ካገኙማ አራት ቦታ ቆርጠው፣ በክር ሰፍተው ማስታወሻ ደብተር ያደርጉታል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው!» ትላቸዋለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«ጀርባው ምን በደለ የኔ ልጅ?»

ሥራ አስኪያጁ ግን እንግዶች ስለ እሳቸው ሲያማርሩ መስማት ሰልችቶት፣ «አንድ የጽሑፍ ቅሬታ ብቻ ይምጣ፣ እንሰነባበታለን» ብሏቸው ነበር።

አርብ ጠዋት እትዬ የአሥራ ሁለት ቁጥር ክፍልን በር አንኳኩ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነዎት። ደህና ነዎት?»

«እየታጠብኩ ነው!»

«እስካሁን ምንዎ ቀረ?»

ሰውዬው ጆሮው ላይ አረፋ እንዳለ ወርዶ አንድ ገጽ ሙሉ ቅሬታ ጻፈ፤ ቁልፉንም መልሶ ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ስልክ ልታነሳ ዞር አለች። ስትመለስ ወረቀቱ የለም።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ለሳምንቱ ሪፖርት መጣ።

«ቅሬታ አለ?»

ባንኮኒው ላይ ያለው አዲስ የተሰፋ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ የላይኛውን ቅጠል በጥፍሯ ገለጥ አደረገች። ከጀርባው በወፍራም እስክሪብቶ «...በሬን አንኳኩተው...» ይላል። ቶሎ ከደነችው።

«እዚህ ምንም የለም ጋሼ።»

«ተመስገን!» ደብተሩን ሳብ አድርጎ ባዶው ገጽ ላይ «ቅሬታ፦ የለም» ብሎ ጻፈ። ቅጠሏን ገንጥሎ፣ «ሪፖርቱ ላይ ጻፊው» ብሎ ሳያገላብጣት ሰጣትና ሄደ።

ጽፋ ስትጨርስ ክብርትነታቸው አጠገቧ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይሄን አንብበውት ነበር?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጠሏን በፊት አዩዋት፣ በጀርባ አዩዋት።

«አሁን ሁለቱም ጎኑ ሞላ» አሉና ቀዳደው ቅርጫት ውስጥ ጣሏት።

በሦስት ዓመት ውስጥ እትዬ አንድ ነገር ሲጥሉ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።