የቅድመ አያቴ ሰማያዊ ሰሌዳ

እነሆ፣ በሰሜን እንግሊዝ ጠረፍ ባለችው በከተማችን ታሪክ ውስጥ ከእኔ ንግግሮች ቀጥሎ ታላቅ የሆነውን ጉዳይ ለትውልድ አስተላልፍ ዘንድ ራሴን በራሴ ወክያለሁ።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ደራሲ ለሦስት ሳምንት ሊያርፍ ወደ እኛ መጣ። ሲመጣ የሚጽፈው ምንም አልነበረውም፤ ሲመለስ ከመቃብሩ እየተነሣ የሰው ደም ስለሚመጥጥ መስፍን መጽሐፍ ጀምሮ ነበር። መጽሐፉ ዓለምን አስፈራ፤ እኛን አበላን። ዓሣው ከባሕራችን ከጠፋ ወዲህ የምንኖረው ጎብኚ በሚያመጣልን በዚያ ሙት ነው።

ታዲያ ይህን ሐሳብ ለደራሲው የሰጠው ማን ነው? በባለውለታው ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአገራችን ታሪካዊ ቤት የሚለይበት አንድ ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ እንዲሰቀል ተወሰነ። «አንድ ደራሲ፣ አንድ ሰሌዳ» የሚለው ደንባችን የማይናወጥ ነው፤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የኮሚቴው ሊቀ መንበርም እኔ፣ ከትበርት ቬሪል ነኝ።

መጀመሪያ ዓሣ በጭስ እያደረቀ የሚሸጠው ኧርኒ ቀረበ።

«ቅድመ አያቴ የሸጠለትን በጭስ የደረቀ ዓሣ በልቶ ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ። መጽሐፉ የመጣው ከሆዱ ነው» አለ።

«ይህ ውለታ ነው ወይስ ክስ?» አልኩት።

«ለሰሌዳው ከሆነ ውለታ ነው።»

ቀጥላ ከቤቴ ትይዩ ማደሪያ ቤት ያላት ሂልዳ ስቶር መጣች። ደራሲው የሰነበተው በእሷ ቤት ነው። ገደሉ ላይ የተሠራው ትልቅ ሆቴል እንግዶቿን ወስዶባት፣ በዚህ በጋ እሷ ዘንድ ያደሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋም እህቷ ነች። ሰሌዳውን ካላገኘች ብርዱ ሳይገባ ቤቱን ልትሸጥ ነው።

«ከትበርት፣ ፊርማው ይኸውልህ» አለች፣ የድሮውን የእንግዳ መዝገብ ዘርግታ።

«ፊርማ መተኛቱን ያሳያል እንጂ መነሣሣቱን አያሳይም።»

«ያንተስ ማስረጃ ምንድን ነው?»

«ቅድመ አያቴ ሕዝቅኤል ሐሳቡን በሙሉ እንደ ሰጠው አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ ነግሮኛል።»

«አንተስ ለማን ነገርክ?»

«ለሁሉም!»

«እሱንማ አየነው» አለ ኧርኒ።

ኮሚቴው በሙሉ ነጻነት ድምፅ ሰጠ። ከአምስቱ አባላት ሁለቱ የአጎቴ ልጆች መሆናቸው ነጻነቱን አልነካውም። ሰሌዳው ለእኔ ቤት ሆነ፤ ጽሑፉም በብረት ተቀረጸ፦ «ደራሲውን ለታላቁ ደም መጣጭ ያነሣሣው ሰው፣ ሕዝቅኤል ቬሪል፣ እዚህ ኖረ።» ሂልዳ መዝገቧን ዘግታ ወጣች። በማግስቱ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት መስኮቷ ላይ ለጠፈች።

በምርቃቱ ዋዜማ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ዴዝመንድ አንድ ፖስታ ይዞ መጣ። የደራሲው ዘሮች የላኩት ነው፤ ደራሲው ከዚሁ ከተማ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ።

«ስለ ቅድመ አያትዎ ይናገራል» አለ።

«ምን አልኩ!»

«ጌታው፣ ሕዝቡ ከመስማቱ በፊት ለብቻዎ አንድ ጊዜ ቢያዩት…»

«ታሪክ የሚከፈተው በሕዝብ ፊት ነው!» ብዬ ፖስታውን በሰም አሸግሁት።

«እኔ እኮ አንብቤዋለሁ።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ዴዝመንድ!»

በማግስቱ የነሐስ ጥሩምባ ተነፋ፤ ዝናቡም በአክብሮት ዘነበ። ገመዱን ስስብ መጋረጃው ወርዶ ሰሌዳው ታየ። ሰሙን ሰብሬ፣ ባሕር ላይ ያሉ መርከቦች በሚሰሙት ድምፄ አነበብኩ፦

«ውድ ባለቤቴ፤ እዚህ ሕዝቅኤል ቬሪል የሚሉት ሰው አለ። ትናንት ሳይጠራ ቁርሴ ላይ ደረሰ። ስለ ራሱ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆመም። እያወራ በሄደ ቁጥር እኔ ነጣሁ፣ እሱ ቀላ። ሲወጣ ፊቴን በመስተዋት ባየው ሬሳ መስያለሁ። ዛሬም መጣ። የምጽፈውን ጭራቅ አገኘሁት። አንባቢ እንዲችለው ግን ጥቂት አሻሽዬዋለሁ፦ ቀን ቀን ይተኛል፤ ሳይጋበዝም ደጃፍ አያልፍም።»



«ዓሣችን ነጻ ወጣ!» ብሎ ኧርኒ ጮኸ፤ አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ።

የአጎቴ ልጆች ሰሌዳውን ለመንቀል መሰላል ሲያመጡ ዴዝመንድ ከለከላቸው። «ለምን ይነቀላል? አንድም ቃል አልተሳሳተም።»

እኔም ለሕዝቡ እጅ ነሣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ ጎብኚ በየአውቶቡሱ ይጎርፋል። ቤቴን ሁሉም ከሩቅ ፎቶ ያነሣዋል፤ በሬን ከፍቼ «ግቡ» ስላቸው ግን ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ይመስል ይሮጣሉ። ሰሌዳውን በደኅና ለማየት የሚመቸው የሂልዳ መስኮት ነው። «ይሸጣል» የሚለውን ወረቀት ቀድዳ «አልጋ የለም» የሚል ለጥፋለች።

ለታሪክ ካለብኝ ኃላፊነት የተነሣ ዛሬ ጠዋት ወደ እሷ ተሻገርኩ። እንግዶቿ ቁርስ ላይ ነበሩ። ከቅድመ አያቴ ጥርስ ማብቀል ጀምሬ ገና ዳዴ ሳላደርሰው፣ ሂልዳ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች።

«ከትበርት፣ ማን ጠራህ?»

«ታሪክ ጥሪ አይጠብቅም።»

ወደ እንግዶቿ ዞረች።

«ሰሌዳውን ከመስኮት አይታችኋል። ይኸው ደግሞ ዘሩ። ማየት በነጻ ነው፤ ብቻ እንዳታናግሩት።»

አንዲት ሴትዮ የአንገት ልብሷን ጠበቅ አደረገች። እኔም ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።