የቶሎሳ ድርሻ

«አሸነፍኩ» ስትሉት «ስንት አገኘህ?» የማይል ሰው የለም። «ለስንት ተካፈላችሁት?» የሚል ግን እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። እኔ የመኪና ተወዳዳሪ ነኝ። አትሳቁ። በሳምንት ስድስት ቀን መገናኛ አካባቢ መለዋወጫ የምሸጥ፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ሄልሜት ደፍቼ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ በአሮጌ ኮሮላ የምወጣ ሰው ነኝ። ሆዴ ከመሪው ጋር መተሻሸት ከጀመረ ቆይቷል፤ ቢሆንም ሾፌሩ እኔ ነኝ።

ውጭ አገር ይህን ነገር እንጀራዬ ብለው የያዙት ሰዎች ሽልማታቸውን የሚካፈሉት ውድድሩ ሳይጀመር በተፈረመ ውል ነው አሉ። ለባለመኪናው ይህን ያህል፣ ለሾፌሩ ይህን ያህል፣ ጎማ ለሚቀይረው ሳይቀር ይህን ያህል ተብሎ ተጽፏል። ጠበቃ አለ፣ ማኅተም አለ። የእኛ ውል የሚፈጸመው ሥጋ ቤት ነው። ሾፌሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ ፖስታውን ይቀበላል፤ ከዚያ ምሳ ላይ ግማሹን ለባለመኪናው ይሰጣል። ባለመኪናው ምንም ባይሠራም መኪናዋ ሠርታለችና ድርሻው የእሷ ነው ይባላል፤ እሷ ስትበላው ግን አላየሁም። ቀሪውን ግማሽ ሾፌሩና መካኒኩ እኩል ይካፈሉታል። ሂሳቡ እዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል።

ከባዱ ማቀበሉ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ድርሻውን ስትዘረጉለት መካኒኩ «ተወው» ይላል። «እንዴ፣ ያንተ እኮ ነው» ትላላችሁ። «ግድ የለም፣ አንተ ያዘው» ይላል። ያኔ ከወንበራችሁ ተነስታችሁ በግድ ኪሱ ውስጥ ትከቱለታላችሁ፤ እሱም እየተቆጣ ይቀበላል። በአገራችን ገንዘብ የቸገረው ሰው መቸገሩን የሚያሳውቀው እንደማይፈልግ በመናገር ነው፤ ይህን የትኛው ጠበቃ ውል ውስጥ ያስገባዋል?

የእኔ መካኒክ ቶሎሳ ይባላል። ቤተሰቦቹ እዚያው የካ ተራራ ሥር ገብስ ያርሱ ነበር፤ ዛሬ እርሻው ሰፈር ሆኗል፣ እሱም ጋራዥ ከፍቷል። መኪናዋን ካዘጋጀ በኋላ ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን የሚነግረኝም እሱ ነበር። ኩርባ ከመድረሳችን በፊት «ቀኝ፣ ሁለተኛ ማርሽ» ይለኛል፤ ፍጥነት ስንጨምር አማርኛው ያልቅበትና «ሚርጋ፣ ቢታ» እያለ በኦሮምኛ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመራኛል። አሥራ አንድ ዓመት በእሱ አፍ ነው የነዳሁት። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። እሁድ ከሰዓት ስልኬ ከጮኸ ቶሎሳ ነው ማለት ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንደኛ ወጣን። ባለመኪናው ጋሽ ደምሴ የመኪናዋን ድርሻ ተቀብለው ቶሎ ሄዱ፤ ጥብሱ ፊት ሁለታችን ቀረን። በዚያ ሰሞን አከራዬ ኪራይ ጨምረውብኝ ነበር፤ ይህን ቶሎሳም ያውቃል። ድርሻውን ቆጥሬ ስዘረጋለት «ተወው፣ አንተ የቤት ኪራይ አለብህ» አለኝ። «ያንተ እኮ ነው» አልኩት። «ግድ የለም፣ ያዘው» አለኝ።

እኔም ያዝኩት።

አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ጥብሱን ቀጠልኩ። ከዚያ ስለ ፍሬን ሸራ አወራን። ለረጅም ጊዜ ለራሴ የምነግረው ሰበብ ነበረኝ። ቶሎሳ የፕሮቴስታንት አማኝ ነው፣ መሐላ አይወድም፤ «በሞቴ» ብዬ ባስገድደው ደስ አይለውም፤ ስለዚህ ቃሉን አከበርኩለት እል ነበር። ቆንጆ ሰበብ ነው። እውነቱን ግን ልንገራችሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ብለምነው እንደሚቀበለኝ አውቅ ነበር። ሦስት ልጆች የሚያስተምር ሰው ነው። አውቄ ነው ከወንበሬ ያልተነሳሁት።

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላካል። እኔ ለሽማግሌ ምን ልበል? «ውሰድ ስለው እምቢ አለኝ» ብል ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ነው። ስደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይለኛል፤ እየቆየ መደወሉም ከበደኝ። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ አስገባኋት። ከጎኔ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ግን አልፈለግኩም።

ዘንድሮ ብቻዬን ነድቼ ሦስተኛ ወጣሁ። ኩርባ በደረስኩ ቁጥር ጆሮዬ ይጠብቃል፤ ምንም የሚለኝ ስለሌለ ፍሬን እይዛለሁ። መጨረሻው ላይ ሌሎቹ ከየመኪናቸው ሲወርዱ የሚያቅፋቸው፣ ጀርባቸውን መታ መታ የሚያደርግላቸው ሰው ነበራቸው። እኔ ሄልሜቴን አውልቄ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ሰው እንዳላየኝ አረጋግጬ ቀበቶ አሰርኩለት። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ብቸኝነት በሕይወቴ አላውቀውም፤ ከትዳሬ ስወጣ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም።

በሚቀጥለው እሁድ የዚያን ጊዜውን ድርሻውን ሳላጎድል በፖስታ አድርጌ የካ ሚካኤል አካባቢ ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ዳገቱን ስወጣ ልመናዬን እየተለማመድኩ ነበር። መጀመሪያ እምቢ ይለኛል፤ «ያንተ ነው» እለዋለሁ። ደግሞ እምቢ ይለኛል፤ «ልጆቹን አስብ» እለዋለሁ። ሦስተኛ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ በግድ ኪሱ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ይቆጣኛል፣ እንታገላለን፣ ሚስቱ ጫልቱ ትስቅብናለች፤ ከዚያ በኋላ እራት ሳልበላ አያስወጡኝም። የለበሰው ልብስ ኪስ ባይኖረው የሶፋው ትራስ ሥር እንደምደብቀው ሁሉ አስቤ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ራሱ ቶሎሳ ነው።

«እንደምን ዋሉ? ይግቡ» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አንተ ያለኝ ሰው ነው። ገባሁ። ጫልቱ ለስላሳ ከፍታ፣ በብርጭቆ ቀድታ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው በትሪ አቀረበችልኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩ፤ ደህና ናቸው። ስለ ጋራዡ ጠየቅኩ፤ ደህና ነው። ሌላ የምጠይቀው ሲያልቅብኝ ፖስታውን አወጣሁና የዚያን ጊዜው ድርሻው መሆኑን ነገርኩት። እምቢታውን ጠበቅኩ።

ቶሎሳ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከፈተው፣ ረጋ ብሎ ቆጠረው።

«ልክ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

ልመናዬ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰው እምቢ የሚለው በግድ እንደሚሰጠው ለሚተማመንበት ሰው ብቻ መሆኑን እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው የገባኝ። ለስላሳዬን ጨርሼ ተነሳሁ፤ በጨዋ ደንብ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። አሁን የቶሎሳ ገንዘብ የለብኝም። ቤቱ የምሄድበት ምክንያትም የለኝም።