ለዓሣ ሳሎን የተገዛ ሰው

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የድሬዳዋ ቆርቆሮ በፀሐይ በሚንጣጣበት ሰዓት፣ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ አጉል ሕልም አየሁ። የሚስቴ የፀዳለ ወንድም ከጅቡቲ በመኪናው ያመጣልን ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችና ጭብጥ የምታህል፣ ኮራል የሚሏት ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት፣ የባሕር ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ሲለምኑ አይቻለሁ። መስታወት ሠሪው ኡስማኤል የዓሦቹን ገንዳ በምን ዓይነት ቅርጽ ልሥራው ሲለኝ፣ ከፍታው ሰማንያ ሳንቲሜትር፣ ወርዱ ሠላሳ በሠላሳ ብዬ አዝዤው ነበር። ከፍሪጁ ጎን ያለችው ጥግ ሰፊ ነገር አትችልም። ደግሞም ረጅም ነገር ለሳሎን ያምራል ብዬ ለፀዳለ የማልኩት እኔው ነኝ።

በሕልሜ ደቻቱ ወንዝ ወደ ላይ ይፈሳል። ዓሦች ጥላ ይዘው አሸዋው ላይ ይንሸራሸራሉ፤ ሰው በባልዲ ይሸጣል። እኔም ባልዲ ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦች መጥተው ገዙኝ።

ወዲያው ሸርጣን ቤት ተገኘን። ሸርጣኑ መስታወት ቆራጭ ነው። መጀመሪያ ክብ ቅርጽ አሳያቸው። አስገብተው ሲያዩኝ አፍንጫዬ ፊቴን ሞላው፤ ልጆቻቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። ክቡ ቀረ። ጋደም ያለና ሰፊ ቅርጽ ሲያመጣ ልቤ ዘለለ፤ ሴቷ ዓሣ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ጥጋችን አይችለውም። ለሳሎን የሚያምረው ረጅምና ቀጭን ነው።»

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ መጋደም እወዳለሁ» አልኳት።

«ሰው ቆሞ ነው የሚያምረው» አለችኝ፣ ያለ አንዳች ክፋት።

ረጅሙ መስታወት ውስጥ አቆሙኝ። መብራቱ አናቴን ብቻ ያበራል፤ እግሬ ሥር ጨለማ ነው። የመስታወቱ አፍ ጠባብ ስለሆነ አየሩ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። የተፈረፈረ ቂጣ ጣሉልኝ። ከጉልበቴ በታች የወደቀውን ጎንበስ ብዬ ማንሳት አቃተኝ፤ የእነሱም ክንፍ አልደረሰበትም፣ እዚያው ሻገተ። እንግዶች መጥተው እንዴት ያምራል አሉ። አንገቴን አንጋጥጬ አየር መለመን ስጀምር ባልዲው ትዝ አለኝ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ሸርጣኑ መስታወቱን አንኳኳ፣ ደግሞ አንኳኳ።

ብንን ስል የሚንኳኳው በሩ ነበር። ኡስማኤል የታዘዘውን ታቅፎ ቆሟል። ረጅም አይደለም፤ ጋደም ያለ፣ ሰፊ ነው።

«አቦ አትቆጣኝ» አለ። «ቆርጬ ጨርሼ ከውስጥ ማጣበቂያውን ሲሊኮን ልቀባ ስል እጄ ታች አልደረሰም። ካንዱ ረጅም መስታወት የዳር መዝጊያ ቆርጬ አወጣሁለትና ገንዳውን አጋድሜ ሠራሁት። ደርቋል።»

አቅፌ ሳምኩት። ሰውየው ግራ ገባው። ፀዳለ ግን ሳሎኑን በዓይኗ ለክታ፣ ይህን የሚችል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለን አለች፤ ሶፋዬ ያለበት። ሶፋው ጓሮ ወጣ።

ዓሦቹ ከዳር እስከ ዳር ይዋኛሉ፤ ኮራሏም ብርሃን አግኝታለች። ይህን የምጽፈው ከሥራቸው፣ ባዶ ወለል ላይ ተጋድሜ ነው። ጎኔን ያመኛል፤ እግሬን ግን እንደልቤ ዘርግቻለሁ።