ጭልፋ የዋጠው ኮንዲሽነር

እኔ፦ ተቀበለችው! በየኑ፣ እልል በይ፣ ተቀበለችው!

በየነች፦ እልልልል! ማን ናት?

እኔ፦ መጀመሪያ እልል ተብሎ ነው እንዴ ኋላ የሚጠየቀው?

በየነች፦ በይ አልከኝ፣ አልኩ። ያለ ቦታው ከሆነ ለሌላ ደስታ ይያዝልኝ።

እኔ፦ ቦታው ነው! ሐያት ናት። አማን ከተማ ያለችው፣ ባለ ፀጉር ቤቷ።

በየነች፦ ውይ ጋሼ! ሽማግሌ ላክህባት? እትዬ ለተብርሃን ሰምታለች?

እኔ፦ ሚስቴን እዚህ ምን አመጣት? ሐያት የተቀበለችው ኮንዲሽነሩን ነው!

(ይህ የሚሆነው ሚዛን ከተማ፣ የበየነች ማድቤት ውስጥ ነው። በየነች የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ከሸኮ ማር እያስመጣች ትሸጣለች፣ ሰፈፉን እያነጠረች ሰሙን ለጧፍ ሠሪዎች ትሰጣለች። እኔ ዓለምሰገድ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ የፀጉር ኮንዲሽነር ሊቅ ሆኛለሁ። ከገዛ ማድቤቴ ሳሙና ልሠራ ስሞክር ስለተባረርኩ፣ የምሠራው በየነች ዘንድ ጥገኝነት ጠይቄ ነው።)

በየነች፦ እሱን ነው እንዴ? ለሱማ እልልታው በዛ።

እኔ፦ አልበዛም! ዛሬ ጠዋት በራሷ ፀጉር ላይ ሞከረችው። ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች አንዴም ሳይያዝ ሹልክ! "ጋሼ፣ ይሄን ማነው የሠራው?" አለችኝ።

በየነች፦ ምን አልካት?

እኔ፦ (ደረቴን ነፍቼ) "እኔ" አልኳት። ቅዳሜ ሙሽራና ስድስት ሚዜዎች ትሠራለች። ሰባት ራስ! "ልክ ይሄንኑ አድርገህ እስከ ነገ ማታ ካደረስክልኝ ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ አላስመጣም፤ ቅንጣት ከተለወጠ ግን በደጄ እንዳታልፍ" ብላኛለች።

በየነች፦ ታዲያ ልክ ያንኑ ሥራዋ።

እኔ፦ አፍ ላይ ቀላል ነው። ሳይንስ እኮ ነው! ነይ፣ ከሰሉን አቀጣጥይ፤ በዚያውም ትማሪያለሽ።

(ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰው ሲያስተምር ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ የምጠርገው የማስተምረው ነገር ሲጠፋብኝ ጭምር ነው።)

እኔ፦ ይኸውልሽ፤ ውሃው በአንድ ድስት፣ ነጩ ሰምና የአቮካዶ ዘይቱ በሌላ ድስት ይሞቃሉ።

በየነች፦ በአንድ ድስት አድርገህ ከሰል ብትቆጥብልኝስ?

እኔ፦ ዘይትና ውሃ ጠበኞች ናቸው፣ በየኑ። ይሄ ነጭ ሰም የማር ሰም እንዳይመስልሽ፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አስታራቂ ነው። በአንድ እጁ ዘይቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል። ታዲያ ሁለቱም እኩል ሞቀው ካልተገናኙ ዕርቁ አይጸናም።

በየነች፦ እንደ ባልና ሚስት በለኛ። አንዱ ነዶ ሌላው በርዶ ከተገናኙ ሽማግሌውም አይረባ።

እኔ፦ እ... ጥሩ ምሳሌ ነው። ልለው ነበር።

(ልለው አልነበረም።)

እኔ፦ ይሄው ሰም ሄዶ ፀጉር ላይ ይለጠፋል። የታጠበ ፀጉርና እሱ ልክ እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ።

በየነች፦ ያንተ ፀጉር ታዲያ ወዴት ተስቦ ሄደ?

(አናቴን ዳበስኩ። ዝናብ ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። አዎ፣ ራሰ በራ ነኝ። ሰው የሚራቀቀው በሌለው ነገር ነው።)

እኔ፦ ሳይንስ በግል ጉዳይ አይመዘንም። ቴርሞሜትሩን እይልኝ... እኩል ሆኑ። አሁን ውሃውን አፍስሽ፤ እኔ ላማስል።

በየነች፦ (እያፈሰሰች) ነጣ! ወተት መሰለ።

እኔ፦ አየሽ?

በየነች፦ ግን ቀጠነ።

እኔ፦ (ደብተሬን ገልጬ) ትናንትም ቀጥኖ ነበር። ሊቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ እኔ ግን ሁለት ማንኪያ ነጭ ሰም ጨመርኩ። አሁንም ቀጠነ። ሁለት ደገምኩ።

በየነች፦ አሁንም ቀጠነ።

እኔ፦ በምን አወቅሽ?

በየነች፦ ትኩስ ነዋ።

እኔ፦ ትኩስነቱ ምን አገባው! ሁለት ሠለስኩ። ስድስት ማንኪያ፤ ይኸው ተጽፏል። ከዚያ ለቅሶ የምደርስበት ሰዓት ስለሆነ ድስቱን ከድኜ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ምን አገኘሁ? እርጎ! ሲያዘነብሉት የሚንሸራተት፣ ጣት የማይጎረብጥ እርጎ። እንዳይበላሽ የሚጠብቀውን መድኃኒት ጠብ አደረግሁ፣ በጠርሙስ ሞላሁ፣ ባጃጅ ያዝኩ። ሌላውን ታውቂዋለሽ።

(ሰሙን በማንኪያ ዛቅሁ።)

በየነች፦ ጋሼ፣ ተው አትጨምር።

እኔ፦ ቁጥር አታሳስቺኝ። አንድ...

በየነች፦ ኧረ ይደርቅብሃል!

እኔ፦ ደብተሩ የሚለውን ነው የማደርገው። ሁለት...

በየነች፦ እንግዲያው ጭልፋዬን አውጣልኝ! እንደ ትናንቱ እንዳይውጥብኝ።

እኔ፦ (ሦስተኛውን ማንኪያ አየር ላይ አቁሜ) ምን ዋጠብሽ ትናንት?

በየነች፦ ምንም።

እኔ፦ በየነች!

በየነች፦ ጭልፋዬን ነዋ! አንተ ለቅሶ እንደሄድክ ሽሮ ላማስል ብፈልጋት ድስትህ ውስጥ እንደ ችካል ቆማለች። ክዳኑም በሷ ምክንያት አልገጠመም። ብስባት ድስቱ ተንጠልጥሎ አብሯት ተነሳ።

እኔ፦ ድስቱ ተነሳ?

በየነች፦ ከነምኑ። ጣቴን ብሰድ ድንጋይ ነው፣ አይገባም።

እኔ፦ ከዚያስ?

በየነች፦ አትቆጣም?

እኔ፦ የሳይንስ ሰው አይቆጣም።

በየነች፦ ማልልኝ።

እኔ፦ ለተብርሃን ትሙት!

በየነች፦ እሷን ተዋትና በራስህ ማል።

እኔ፦ እኔው ልሙት! ተናገሪ!

በየነች፦ ከሰሉ ላይ መለስኩት። ቀለጠ፣ ጭልፋዬን አወጣሁ። እንዲሁ ልተወው ስል መልሶ ድንጋይ ሊሆንብህ ነው፤ አሳዘንከኝ። የፈላ ውሃ እየጨመርኩ እስኪበርድ አማሰልኩት። ሰም ሲሞቅ ውሃ ነኝ ይልሃል እኮ፣ ጋሼ። ማንነቱን የሚያሳየው ሲበርድ ነው። ትኩስ ሰም አይታመንም።

(ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ትምህርት ስከታተል የኢንተርኔት ጥቅሉ እያለቀ የሚቋረጥብኝ፣ ለካ ሁልጊዜ "ሲበርድ" የሚለው ቦታ ላይ ነበር።)

እኔ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

በየነች፦ ሥራህን በውሃ ያበላሸሁብህ መስሎኝ! ጠዋት ጠርሙስ ስትሞላ ጓዳ ገብቼ ተደብቄ ነበር።

እኔ፦ ውሃው ስንት ነበር? ቶሎ በይ! ሰባት ራስ ተሸክሜያለሁ!

በየነች፦ እስኪበቃው ነዋ።

እኔ፦ እስኪበቃው ስንት ብርጭቆ ነው? ደብተር ላይ "እስኪበቃው" ተብሎ ይጻፋል?

በየነች፦ አንተ "ስድስት ማንኪያ" ብለህ ጽፈህ ምን አገኘህ?

(ጉሮሮዬን ልጠርግ ሞክሬ ተውኩት።)

በየነች፦ ደብተርህን ዘርጋና እይ። ድስቱን ከእሳት አወጣሁ። አሁን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ... አየህ? ኋላ የሚመስለው ይሄንን ነው። ጠንካራ ነው፤ ሁለት ማንኪያህ ጎድቶታል። ግማሽ ብርጭቆ ፍል ውሃ።

እኔ፦ (እየጻፍኩ) ግማሽ...

በየነች፦ ደግሞ ጠብታ። ገና ነው። ሩብ ጨምር። አማስል፣ አትቁም! ተማሪ ነህ፤ ተማሪ አይቀመጥም።

(አማሰልኩ። እጄ እስኪዝል አማሰልኩ። ወተቱ ቀስ በቀስ ወፈረ፣ ጭልፋዋ የሄደችበትን መንገድ ማስቀረት ጀመረ። ሲበርድ ከጠዋቱ የተረፈውን ጠርሙስ አምጥተን ሁለቱንም ጎን ለጎን አዘነበልናቸው። እኩል ተንሸራተቱ። በየነች ሻሿን ፈታች፣ ከጎን ያለውን ፀጉሯን አጥባ ቀባችውና ማበጠሪያውን ሰጠችኝ።)

እኔ፦ ሹልክ አለ!

በየነች፦ እኔም ሰማሁት።

እኔ፦ በየኑ፣ ሹልክ አለ! ሙሽራዋ ዳነች! እንዳይበላሽ የምትጠብቀዋን ጠብታ ግን እኔ ነኝ የማደርገው።

በየነች፦ አድርግ፣ እሷን አልቀማህም። ሐያትን ታዲያ ምን ልትላት ነው? "እኔ ነኝ ሠሪው" ብለሃል።

እኔ፦ እውነቱን ነዋ! ሠሪዋ በየነች ናት፤ እኔ ጠብታ አድራጊና ጠርሙስ ሞይ ነኝ እላታለሁ። ለሷ ነገ ይደርሳል። አሁን ጃንጥላዬን አቀብይኝ።

በየነች፦ በዚህ ዝናብ ወዴት?

እኔ፦ ለተብርሃን ጋ! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ "አንተ እኮ ምንም አታውቅም" ስትለኝ ኖራለች፤ ይኸው ዛሬ ተፈትኖ፣ ተመዝኖ፣ በደብተር ሰፍሮ ተረጋገጠላት! እንዲህ ያለ የምሥራች ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈልግም!

(ጃንጥላውን ሳልዘረጋ ወጣሁ።)